ዘጠኝ መርፌ ለ231 ፊደል

ጫግኒ የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የመንግሥት ደብዳቤ የሚዘጋጀው በጽሕፈት መኪና ነበር። ታይፒስቷ ሁለት ሦስት ወረቀት በካርቦን ደርባ ታስገባለች፤ ቁልፉን አጥብቃ ትመታለች፤ የላይኛው ለባለጉዳዩ፣ የታችኛው ለመዝገብ ቤት ይሄዳል። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ታሪክ ከኢንጂነር አያና ብሩ ስም ጋር የተሳሰረ ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት ፊደላችንን በመኪና ለማስመታት የደከሙት እርሳቸው ነበሩ። በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደው ደግሞ የኦሊቬቲ ሥራ ነው።

መሐንዲሶቹን ሁሉ የገጠማቸው ችግር አንድ ነው። 33 ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ እነ ሏንና ቷን፣ የግዕዝ ቁጥሮችንና ነጥቦቹን ሳይጨምር። የመኪናው ቁልፎች ግን ከሃምሳ እምብዛም አይበልጡም። መፍትሔው ፊደልን መገነጣጠል ሆነ፤ መጀመሪያ ግንዱን መምታት፣ ከዚያ የካዕብ ወይም የሣልስ ቅጥያውን ማስከተል። የዚያን ዘመን ደብዳቤ ያየ ሰው ያስታውሳል፤ ቅጥያው አንዳንዴ ከእግሩ ፈንጠር ብሎ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከግንዱ ላይ ወጥቶ ይታያል። የአያና ብሩም ሆነ የኦሊቬቲ ጥፋት አልነበረም። በዚያ መኪና ላይ ፊደል ማለት በክንድ ጫፍ ላይ የተቀረጸ ብረት ነው። አዲስ ፊደል የፈለገ አዲስ ብረት ማስቀረጽ ነበረበት።

ፊደል ከብረት የተላቀቀው ቀስ በቀስ ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሄል እ.ኤ.አ. በ1929 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሄልሽራይበር ፊደልን ወደ ነጥቦች ከፋፍሎ በሽቦ የሚልክ መሣሪያ ነበር። ተቀባዩ ማሽን የሚጽፈው ፊደል ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ምልክት ሲደርሰው ወረቀቱን ይነካል፣ ሳይደርሰው ይተዋል። ዜና አገልግሎቶች ለዓመታት ተገለገሉበት። ሐሳቡን ወደ ኮምፒዩተር ማተሚያ በሰፊው ያመጡት ግን ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ጃፓኖችና አሜሪካኖች ናቸው። በ1968 የጃፓኑ ኦኪ ዋየርዶት የተባለውን ማተሚያ አወጣ። በ1970 የአሜሪካው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኤልኤ30ን አቀረበ፤ ፊደሎቹ አምስት ነጥብ ወርድና ሰባት ነጥብ ቁመት ነበራቸው፤ በሰከንድ 30 ፊደል ይጽፍ ነበር። በዚያው ዓመት ሴንትሮኒክስ የተባለ ኩባንያ ሞዴል 101ን ይዞ ብቅ አለ። ነጥቦቹን የሚመታ ሰባት መርፌ ነበረው፤ በሰከንድ እስከ 165 ፊደል ይመታል።

ሴንትሮኒክስ ዛሬ እንደ ኩባንያ የለም፤ መሰኪያው ግን ኩባንያውን በብዙ ዓመት በለጠው። መሥራቹ ሮበርት ሃዋርድ ከዋንግ ላቦራቶሪስ ጋር ይሠራ ነበር። ዋንግ ለካልኩሌተር አስቦ የገዛው 20,000 ያህል ባለ 36 እግር መሰኪያ ተርፎት ስለነበር አዲሱ ማተሚያ በእርሱ ተሠራ ይባላል። ከመጋዘን የተረፈ ዕቃ የዓለም መለኪያ ሆነ ማለት ነው። በቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው።

በመሰኪያው ውስጥ የሚያልፈው ንግግር ቀላል ነው። ስምንት ሽቦ አንድ ባይት ይሸከማል፤ በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ አምስት ቮልት ገደማ ካለ አንድ፣ ከሌለ ዜሮ ነው። ኮምፒዩተሩ ስምንቱን ሽቦ ካዘጋጀ በኋላ ስትሮብ በሚባለው ሽቦ ላይ «አሁን አንብብ» የሚል አጭር ምልክት ይሰጣል። ማተሚያው አንብቦ እስኪጨርስ ቢዚ የሚባለውን ሽቦ ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ሲጨርስ ያወርደውና በሌላ ሽቦ «ደርሶኛል» ይላል። የማተሚያው ቦርድ ሲበላሽ፣ ብዙ ጊዜ ይህ ቢዚ እንደተንጠለጠለ ይቀርና ኮምፒዩተሩ «ማተሚያው ዝግጁ አይደለም» እያለ ሰውን ያደክማል።

በ1980 ኤፕሰን ኤምኤክስ-80ን አወጣ። ኩባንያው ትንንሽ ማተሚያዎችን ወደ መሥራት የገባው ለ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ የውድድር ሰዓት የሚያትም መሣሪያ ከተሠራ በኋላ ነው። ኤምኤክስ-80 ዘጠኝ መርፌ ነበረው፤ በሰከንድ 80 ፊደል ይጽፋል፤ ያረጀውን ሄድ (መርፌዎቹን የያዘውን ክፍል) ባለቤቱ ራሱ ነቅሎ በሌላ መተካት ይችላል። አይቢኤም በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ ይህንኑ ማተሚያ የራሱን ስም ለጥፎ ሸጠው። ከዚያ ወዲህ ያለው ዶት ማትሪክስ (ባለ ነጥብ ማተሚያ) ሁሉ የዚህ ማሽን ዘር ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም፤ ስለዚህ ክዳኑን ከፍተን እንየው።

ከኮምፒዩተሩ የመጣው ባይት በመጀመሪያ የሚያርፈው በቦርዱ ላይ ባለ ትንሽ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ነው። ቦርዱን የሚመራው ማይክሮፕሮሰሰር አንድ መስመር እስኪሞላ ወይም «መስመር ጨርስ» የሚል ትእዛዝ እስኪመጣ ይጠብቃል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ያልታተመው መስመር የሚጠፋውም ለዚህ ነው፤ ገና በኤሌክትሪክ ላይ ብቻ ያለ ጽሑፍ ነውና። መስመሩ ሲሞላ ፕሮሰሰሩ እያንዳንዱን ባይት ይዞ ወደ ሮም ቺፑ ይሄዳል። በሮሙ ውስጥ የእያንዳንዱ ፊደል መልክ ከግራ ወደ ቀኝ በቋሚ ዓምድ ተቆርጦ ተቀምጧል፤ በዚህኛው ዓምድ ላይ የትኞቹ መርፌዎች እንደሚመቱ፣ በቀጣዩ የትኞቹ እንደሚመቱ። ሸማኔ ጥበቡን ክር በክር እየቆጠረ እንደሚያወጣው ሁሉ ማሽኑም ፊደሉን ዓምድ በዓምድ ያወጣዋል እንጂ ሙሉውን መልክ በአንድ ጊዜ አይመታም።

እያንዳንዱ መርፌ ከጀርባው የመዳብ ጥቅል አለው። ጥቅሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ማግኔት ይሆናል፤ ትንሿን ብረት ይስባል፤ ብረቷ መርፌውን ቀለም ወዳለበት ሪበን ትገፋለች፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ስፕሪንግ ይመልሰዋል። ጥቅሎቹ ከመርፌዎቹ በጣም ስለሚወፍሩ በአንድ ቋሚ መስመር ሊደረደሩ አይችሉም። ስለዚህ ከሄዱ ኋላ በክብ ይደረደራሉ፤ መርፌዎቹ ብቻ ወደ ፊት እየተጠጋጉ መጥተው በአፉ ላይ አንድ ቋሚ መስመር ይሠራሉ። በሁለት መርፌ መካከል ያለው ርቀት የኢንች 1/72ኛ ነው።

ፕሮሰሰሩ ራሱ ይህን ጥቅል ማንቀሳቀስ አይችልም። አምስት ቮልትና እጅግ ጥቂት ጅረት ነው ያለው፤ ጥቅሉ ግን ከ20 ቮልት በላይና በመቶ ሚሊአምፔር የሚቆጠር ጅረት ይፈልጋል። በመካከላቸው ለእያንዳንዱ መርፌ አንድ ትራንዚስተር ይቆማል፤ ከፕሮሰሰሩ የመጣውን ደካማ ምልክት ተቀብሎ ከፍተኛውን ኃይል ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጥቅሉ ሲዘጋ የያዘው ኃይል ወደ ኋላ ተመልሶ ትራንዚስተሩን እንዳያቃጥለው አጠገቡ ዳዮድ ወይም ተመሳሳይ መከላከያ አለ።

ጥበቡ ያለው በጊዜው ላይ ነው። ማሽኑ በሰከንድ 80 ፊደል ሲጽፍ፣ በአንድ ኢንች ላይ አሥር ፊደል ስለሚያሰፍር ሄዱ በሰከንድ ስምንት ኢንች ይሮጣል። በአንድ ኢንች ውስጥ 60 ሙሉ ዓምዶች ካሉ በሰከንድ 480 ዓምድ ያልፋል ማለት ነው፤ ለአንዱ ዓምድ የሚደርሰው ጊዜ የሰከንድ ሁለት ሺህኛ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ መርፌው መውጣት፣ መምታት፣ መመለስ አለበት። ጅረቱ ጥቂት ካጠረ ነጥቡ ይደበዝዛል። ከረዘመ መርፌው ሳይመለስ ሄዱ ይጓዛል፤ ሪበኑን ይቀድዳል፣ አንዳንዴም ራሱ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል። ጥቅሉም ይግላል። የሄዱ አካል የአሉሚኒየም ክንፍ የለበሰው ለዚህ ነው፤ ከኋላ የመጡት ሞዴሎች ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ጨምረው ሲግል ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ ወይም ጥቂት ያርፋሉ። ረጅም ሪፖርት ሲታተም ማሽኑ መሀል ላይ ቆም ቆም ካለ ሁልጊዜ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ሄዱን የሚጎትተው ስቴፐር ሞተር ነው። ይህ ሞተር አንድ ምልክት ሲሰጠው አንድ እርምጃ ይዞርና ይቆማል። ፕሮሰሰሩ ሄዱ የት እንዳለ የሚያውቀው እርምጃውን በመቁጠር ብቻ ነው፤ በእጅ ቢያዝበት ቆጠራው ይሳሳትና ጽሑፉ ይዛነፋል። ለዚህም ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው ሄዱን ወደ ግራ መስደድ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው የብርሃን ሴንሰር ሲሸፈን «ይህ ዜሮ ነው» ብሎ ቆጠራውን ይጀምራል። ሌላ ስቴፐር ወረቀቱን ያሳልፋል። ሪበኑ ብዙ ጊዜ የራሱ ሞተር የለውም፤ ከሄዱ ጉዞ በጥርስ ተያይዞ ይዞራል።

ኤምኤክስ-80 ወደ ቀኝ ሲሄድም ወደ ግራ ሲመለስም ይጽፍ ነበር፤ ጊዜ ለመቆጠብ። በዚህ ላይ አንድ ጣጣ አለ። መርፌው ከተለቀቀ በኋላ ወረቀቱ ጋ እስኪደርስ ሄዱ ጥቂት ተጉዟል። ወደ ቀኝ ሲሄድ ነጥቡ ወደ ቀኝ፣ ሲመለስ ወደ ግራ ያዘነብላል። ፕሮሰሰሩ ቀደም ብሎ በመተኮስ ያካክሰዋል፤ ማሽኑ ሲያረጅ ግን ማካካሻው አይገጥምም፤ የሠንጠረዥ ቋሚ መስመሮች ጥርስ ያወጣሉ። የሒሳብ ሠራተኞች ይህን አሳምረው ያውቁታል።

እስካሁን ያየነው ሁሉ ለላቲን ፊደል የተሠራ ነው፤ በሮሙ ውስጥ «ሀ» የለችም። ግን አስተውሉ፤ ከሮሙ በቀር በማሽኑ ውስጥ ስለ ፊደል የሚያውቅ አንድም ክፍል የለም። ትራንዚስተሩም፣ ጥቅሉም፣ ሞተሩም የሚያውቁት ጊዜና ቁጥር ብቻ ነው። በ1983 የወጣው ኤፍኤክስ-80 በዚህ ክፍተት በሩን ከፈተ፤ ተጠቃሚው የራሱን ፊደል ወደ ማሽኑ ማህደረ ትውስታ እንዲጭን ፈቀደ፤ ሮሙን ጨርሶ አልፎ መርፌዎቹን በቀጥታ ማዘዝም ይቻል ነበር።

በቀጥታ ማዘዙን በ«ተ» እንሞክረው። ስምንቱ የላይ መርፌዎች ከላይ ወደ ታች 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 የሚል ዋጋ አላቸው። ሁሉም ሲመቱ ድምሩ 255 ነው፤ ይህ ቋሚ እግር ይሰጠናል። ሦስተኛው መርፌ ብቻ ሲመታ 32 ነው፤ ይህ አግዳሚው ነው። ስለዚህ 32፣ 32፣ 255፣ 32፣ 32 ብለን አምስት ቁጥር ብንልክ ወረቀቱ ላይ «ተ» ትወጣለች። ከፊታቸው 27፣ 75፣ 5 እና 0 የሚሉት ቁጥሮች ይቀድማሉ፤ «አሁን የሚመጡት አምስት ዓምዶች ምስል ናቸው» ማለት ነው። «ቱ»ን ከፈለግን ከእግሩ በስተቀኝ መሀል ላይ 8 እንጨምራለን፤ 32፣ 32፣ 255፣ 40፣ 40። «ቲ» ቅጥያዋ ከታች በቀኝ ነው፤ 1 እንጨምራለን፤ 32፣ 32፣ 255፣ 33፣ 33። «ታ» ያንኑ 1 ወደ ግራ ትወስደዋለች፤ 33፣ 33፣ 255፣ 32፣ 32። በጽሕፈት መኪናው ላይ ፈንጠር እያለ ያስቸግር የነበረው ቅጥያ እዚህ የአንድ ቁጥር ጭማሪ ሆነ፤ ቦታውንም አይስትም።

ይህ ስምንት ነጥብ ቁመት ለ«ተ» ይበቃል፤ ለ«ጬ»፣ ለ«ፄ»፣ ለ«ቋ» ግን ጠባብ ነው። ራስም እግርም ቅጥያም ያለው ፊደል በስምንት ነጥብ ሲታተም ዓይንን ያደክማል። አንዱ ዘዴ ፊደሉን ለሁለት ከፍሎ መጀመሪያ የላይኛውን ግማሽ፣ ከዚያ ወረቀቱን አሳልፎ የታችኛውን መምታት ነው። መልኩ ያምራል፤ ጊዜው እጥፍ ይሆናል፤ ወረቀቱ ጥቂት ከተንሸራተተ ፊደሉ ከወገቡ ይቆረጣል። ሌላው መንገድ ከጃፓን መጣ። ጃፓኖች ለካንጂ ሲሉ ባለ 24 መርፌ ሄድ ሠሩ፤ የኤፕሰኑ ኤልኪው-1500 በ1984 ወጣ። መርፌዎቹ ቀጫጭን ናቸው፤ በሁለት ረድፍ ተፈራርቀው ይቆማሉ፤ ለአንድ ዓምድ ሦስት ባይት ይላክላቸዋል። ለሌላ ሕዝብ ፊደል ተብሎ የተሠራ ማሽን ለግዕዝ ፊደል እንዲህ በልኩ ይሆናል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ፊደላችንን ወደ ኮምፒዩተር የማስገባቱ ሥራ የተጧጧፈው በእነዚሁ ዓመታት፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በአሜሪካ ኮሎራዶ ዶክተር አበራ ሞላ ሞድኢት የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ፤ በካሊፎርኒያ ፍስሐ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ በኩል ሠሩ፤ ኋላም ፊደሉ ወደ ዩኒኮድ እንዲገባ ቀድመው ከተከራከሩት አንዱ ሆኑ። አዲስ አበባ ላይ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሥር የነበረው ብሔራዊ የኮምፒዩተር ማዕከል አጋፋሪን አወጣ። የመጀመሪያው ማን ነው የሚለው ሙግት እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔ ለሙግቱ ብዙ ዋጋ አልሰጠውም። ሁሉም የተጋፈጡት አንድ ግድግዳ ነበር፤ በአንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ አለ፤ ግማሹን ላቲኑ ይዞታል፤ 231 ፊደል በቀረው አይገባም። ማያ ገጹ ላይም ማተሚያው ላይም ይህን ግድግዳ መዝለል ነበረባቸው፤ ማተሚያው ላይ ያዘለላቸው መርፌን በቁጥር ማዘዝ መቻሉ ነው።

ከ1991 (እ.ኤ.አ.) በኋላ የአስተዳደር ካርታው ተለወጠ። መተከል ዞን ሆኖ ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ሲሄድ ጫግኒ በአማራ ክልል፣ በአዊ ዞን ውስጥ ቀረች፤ የዞኑ ዋና ከተማም እንጅባራ ሆነች። አዊኛም በፊደል እየተጻፈ ወደ ትምህርት ቤት ገባ። እዚህ ላይ የነጥብ ፊደል ጥቅም ጎልቶ ይታያል። አዊኛን የመሰሉ የአገው ቋንቋዎች አማርኛ የማይጠቀምበትን ድምፅ ለመጻፍ «ጘ»ን የመሰለ ፊደል ያስፈልጋቸዋል። በኦሊቬቲ ዘመን ቢሆን ኖሮ አዲስ ብረት የሚቀርጽ ፋብሪካ ይጠይቅ ነበር፤ በነጥብ ዘመን አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚጽፈው የቁጥር ረድፍ ነው። ዩኒኮድ በ1999 (እ.ኤ.አ.) በሦስተኛው እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ሲያስገባ «ጘ»ም ከነቤተሰቡ አብሮ ገባ።

እስከዚያ ግን ዊንዶውስ መጥቶ ነገሩን ቀይሮት ነበር። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየቢሮው ተሰራጩ። ፊደሉን የሚስለው ዊንዶውስ ራሱ ሆነ፤ ማተሚያው የተዘጋጀ ምስል ተቀብሎ ያትማል። የኤችፒ ሌዘርጄት ከ1984 ጀምሮ በገበያ ላይ ነበር፤ ዋጋው ሲወርድ ደብዳቤውንና የፈተና ወረቀቱን ሁሉ ወሰደ። ድምፅ የለውም፤ ጥራቱም አይወዳደርም። ዶት ማትሪክስ መሞት ነበረበት።

አልሞተም፤ ያዳነውም መምታቱ ነው። ሌዘር ወረቀቱን አይመታም፤ ስለዚህ ከስር ባለው ቅጂ ላይ ምንም አይደርስም። መርፌ ግን ይመታል፤ ሦስት አራት ቅጂ ያለውን ደረሰኝ በአንድ ጊዜ ያወጣል። ሒሳቧን በፒችትሪ ፕሮግራም የምትሠራ ድርጅት የሽያጭ አባሪውን (አታችመንቱን) የምታወጣው ብዙ ጊዜ በዚሁ ማሽን ነው። ባንክ ቤት የቁጠባ ደብተር ላይ የሚጽፈው ጠፍጣፋ ማተሚያም ባለ 24 መርፌ ነው፤ ደብተር በሌዘር ውስጥ አያልፍማ። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን ግዴታ ያደረገው ደንብ ቁጥር 139/1999 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ሲወጣ በየሱቁ የገባው ባብዛኛው በሙቀት ወረቀት የሚሠራ ነው፤ በሙቀት የታተመ ደረሰኝ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይነጣል። የሪበን ቀለም ግን ዓመታት ይቆያል።

ስለዚህ በጫግኒም ሆነ በዳንግላ የሚሠራ ጠጋኝ ይህን ማሽን ዛሬም ያገኘዋል። ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ነጭ መስመር ከታየ አንድ መርፌ አልመታም ማለት ነው። ብዙዎች ቶሎ ብለው አዲስ ሄድ ይገዛሉ፤ ይህ ውድ ስሕተት ነው። መርፌው ያልመታው ጥቅሉ ተቃጥሎ ከሆነ፣ ያቃጠለው ምናልባት ተበላሽቶ ሳይዘጋ የቀረ ትራንዚስተር ነው። ትራንዚስተሩ ሳይለወጥ አዲሱ ሄድ ቢገባ እርሱም ማሽኑ በተከፈተበት ቅጽበት ይቃጠላል። ሁሉንም ጥቅሎች በመልቲሜትር ለክቶ ማወዳደር፣ ከዚያ ትራንዚስተሮቹን መፈተሽ፣ ሄዱን ከቦርዱ የሚያገናኘው ፍላት ኬብል አለመሰበሩን ማየት ይቀድማል። ኬብሉ በየመስመሩ እየታጠፈ ስለሚዘረጋ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው፤ የእርሱ ዋጋ ደግሞ ከሄድ ጋር አይነጻጸርም።

አንድ ነገር ልለምን። ሞድኢት ወይም አጋፋሪ ያለበት ፍሎፒ፣ በእነርሱ የታተመ ደብዳቤ ወይም የተማሪ ውጤት ዝርዝር በቤታችሁ ያላችሁ አትጣሉት። ፍሎፒ በዕድሜ የያዘው መረጃ እየጠፋ ይሄዳል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚነበብ አይኖርም። አዲስ አበባ የምትደርሱ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ (ለወመዘክር) አስረክቡት፤ የማትደርሱ ቢያንስ የታተመውን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ፣ መቼና በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደታተመ ጽፋችሁ አስቀምጡት።